የረታ ማስተርስ

እትዬ ያለምዘውድ የደወሉት የኬኩ ኮፍያ ጥቁር ይሁን ወይስ ሰማያዊ ብለው ለመጠየቅ ነበር። ኬኩን የምትጋግርላቸው እሳቸው ባሉበት ቦናመስ ሰፈር የምትኖር ጎረቤታቸው ናት፤ ከስኳር የተሠራ የምረቃ ኮፍያ ከነዘርፉ ከላይ ታስቀምጥበታለች፤ ኮፍያው ብቻውን አሥራ ስምንት ዩሮ ነው፤ ቀለሙ ግን አሁኑኑ ይነገረኝ ብላለች። ሀረገወይን በዚያ ሰዓት ኡንተርሊደርባህ ሰፈር ባለው ቤቷ፣ አንድ እግሯን የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ አድርጋ፣ የውድድር ልብሷን ከጉልበቷ በላይ ለመሳብ እየታገለች ነበር። ስልኩ መስተዋቱ ሥር ድምፁ ተከፍቶ ተቀምጧል። ልብሱ አንድ ወጥ ነው፤ ከአንገት ይጀምርና ጭን አጋማሽ ላይ ያልቃል፤ የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት ያላትንም የሌላትንም ሳያስቀር ይናገራል። መስተዋቱን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ጥቁር ይሁን፣ እትዬ» አለች።

«ጥቁርማ ሦስት ዓመት ለበስሽው፤ ይበቃል። ሰማያዊ ይሁን» አሉ እትዬ ያለምዘውድ፣ የጠየቁትን ራሳቸው መልሰው። ቀጥለውም እንግዶቹ በአሥራ አንድ ሰዓት እንደሚመጡ፣ ወንበር ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንደተዋሱ፣ ልጃቸው ጆሲ መጠጡን እንደሚያመጣ፣ አቶ አድነውም ንግግር እያዘጋጁ መሆናቸውን ነገሯት። አቶ አድነው ከሟቹ ባሏ፣ ከእትዬ ወንድም ከረታ ጋር በአንድ ዘመን እዚህ ፍራንክፈርት የተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ንግግር ካዘጋጁ አጭር አይሆንም። እትዬ ይህን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ በበዓሏ ቀን እንኳን ቤቷ እንደማታርፍ፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት እንደሆነች ጠየቋት። ሀረገወይን ዚፑን ወደ ላይ እየሳበች «እስከ ከሰዓት ባን ላይ ነኝ፣ እትዬ» አለች።

ይህ ውሸት አልነበረም። በዚህ ከተማ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ባቡሩን ባን ይለዋል፤ ቢስክሌተኞች ደግሞ ዙሪያውን የሚሽከረከሩበትን ሞላላ ትራክ ባን ይሉታል። ማስተርስ የሚለውም ቃል እንዲሁ ነበር። ቢስክሌተኞች ወጣትነት ያለፈባቸው ሰዎች የሚወዳደሩበትን ምድብ ማስተርስ ነው የሚሉት። ሚያዝያ ውስጥ እትዬ ደውለው ቅዳሜ ቅዳሜ ከማኅበሩ የምትቀረው ለምን እንደሆነ በጠየቋት ጊዜ፣ «ለማስተርስ እየተዘጋጀሁ ነው» አለች። ቢስክሌት የሚለውን ቃል ልታስከትል አፏን ከፍታ ነበር። ከስልኩ ውስጥ እልልታ ቀደማት። እትዬ ያለምዘውድ፣ የሰባ ስድስት ዓመት ሴት፣ ብቻቸውን ኩሽናቸው ውስጥ ቆመው ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ከዚያም አለቀሱ። «የወንድሜን ማስተርስ እኔ በላሁት፤ አንቺ ልትጨርሽለት ነው» አሉ። ረታ ትምህርቱን ያቋረጠው እሳቸውን ከካርቱም ለማምጣት ብሎ ፌኸንሃይም ፋብሪካ የገባ ጊዜ ነው፤ ለጊዜው ብሎ ገብቶ እስከ ጡረታው እዚያው ቀረ። እሱ ስለዚህ ነገር በቤቱ ውስጥ አንድም ቀን አላነሳም። እህቱ ግን ከቀብሩ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ሀረገወይን ያን ቀን አላረመቻቸውም። በሳምንቱ ልነግራቸው ነው ብላ ወደ ማኅበሩ ብትሄድ፣ እትዬ ለሁሉም ተናግረው ስለነበር ሴቶቹ ተነስተው እያቀፉ ተቀበሏት። መቼ ያልቃል ሲሏት «ነሐሴ መጨረሻ» አለች፤ ይህም እውነት ነበር፤ የሄሰን ክፍለ ሀገር ሻምፒዮና የዚያን ጊዜ ነው።

የውድድር ልብሱን የምታስቀምጠው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የረታ ሱፍ በተሰቀለበት ረጅም ከረጢት ውስጥ ነው። ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ውስጥ ከማን እንደምትደብቀው ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ዛሬም ከረጢቱን መልሳ ዘጋችው፤ ከልብሱ በላይ ረጅሙን የዝናብ ካፖርቷን ደረበች፤ እትዬ ለዚህ ቀን ብለው ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጡላትን ነጭ ቀሚስ አጣጥፋ በጨርቅ ቦርሳ ያዘች። ደረጃውን ስትወርድ የታችኛዋ ጎረቤቷ ቆሻሻ ስትጥል አገኘቻትና ሰማዩን እያየች ዛሬ ሊዘንብ ነው አለቻት። ሀረገወይን የካፖርቷን አንገት ይዛ አዎ፣ ይመስላል ብላ አለፈች።

በራኺ ኮምቢ መኪናውን ይዞ የሚጠብቃት በሯ ላይ ሳይሆን ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው። እንዲህ እንዲሆን የለመነችው እሷ ናት። በራኺ አስመራ ተወልዶ በንጉሡ ጊዜ በአማርኛ የተማረ፣ ፌኸንሃይም ከረታ ጋር ጎን ለጎን የሠራ ሰው ነው፤ ልጅ ሳለ አስመራ ጎዳና ላይ ይወዳደር ነበር፤ አሁንም በሰባ ዓመቱ ማስተርስ ይወዳደራል። ረታ ከሞተ በኋላ የበራኺ ሚስት ለተገብርኤል ናት ይህችን ሴት ከቤት አውጣት ብላ የላከችው። ሀረገወይን መጀመሪያ ለማየት ሄደች፤ ከዚያ ለመሞከር፤ ከዚያ አልተወችውም። ቢስክሌቷ የሚቀመጠው እነሱ ምድር ቤት፣ ለተገብርኤል የሽንኩርት ከረጢት በምታስቀምጥበት ኬለር ውስጥ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ነውር የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃለች። ሆኖም ወደ ኮምቢው ስትገባ ሁልጊዜ ግራና ቀኝ ታያለች።

በራኺ ስለ ግብዣው የሰማው ያን ጠዋት ነበር፤ ለተገብርኤልም ተጠርታለች። ትልቁ መንገድ እስኪደርሱ ነዳና መሳቅ ጀመረ፤ ሲስቅ መሪውን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ነው።

«እናንተ አዲስ አበቤዎች ያለ ዲግሪ ደስታ አታውቁም» አለ። «ቢቺክለታ ስትነዱም ወረቀት ይሰጠን ትላላችሁ። ዶክትሬቱስ መቼ ነው?»

አለመሳቋን ሲያይ ሳቁን ተወ። ለእትዬ እንድትነግራቸው መከራት። እንዴት ብላ እንደምትነግራቸው ጠየቀችው።

«ቢቺክለታ ነው በያቸዋ። አንድ ቃል ነው።»

«ይህን ያመጣብኝም አንድ ቃል ነው» አለች።

ትራኩ ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ከጫካ ጥግ ያለ፣ ጣሪያ የሌለው አሮጌ የሲሚንቶ ትራክ ነው። ሲደርሱ ካፊያ ጀምሮ ነበር። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በቀጭን ጎማ መሄድ አይቻልምና ዳኞቹ ውድድሩን አቆዩት፤ ሰዉ ሁሉ ከድንኳን ሥር ተሰብስቦ ቡና በአንድ ዩሮ ተኩል እየገዛ ሰማይ ያያል። በሀረገወይን የዕድሜ ምድብ የተመዘገቡት ሴቶች ሦስት ብቻ ነበሩ። አንዷ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ባሏና የልጅ ልጆቿ ስሟን በትልቁ የጻፉበት ካርቶን ይዘው መጥተዋል። ሁለተኛዋ ረጅም፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሙዝ ትልጣለች። መምህርቷ በደግነት የሀረገወይን ሰዎች የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቀቻት። ሀረገወይን ሰዎቿ ዛሬ ግብዣ እያዘጋጁላት መሆኑን ነገረቻት። ይህንንም ያለችው እውነቱን ስለሆነ ነው፤ ግን ሴትየዋ «እንዴት ደስ ይላል፣ ለውድድሩ ነው?» ስትላት ራሷን በአዎንታ ነቅንቃ ወደ ዝናቡ ዞረች። ከዚህ ከተማ ሰው ጋር በጀርመንኛ፣ ከእትዬ ጋር በአማርኛ፣ በሁለቱም ቋንቋ ያው አንድ ነገር እያደረገች እንደሆነ ያን ጊዜ ታያት።

ዝናቡ ሲያባራ ሁለት ሰዎች መጥረጊያና ቅጠል የሚነፋ ማሽን ይዘው ሲሚንቶውን ማድረቅ ጀመሩ። አንዱ ጥምዝ ሲደርቅ ሌላው ላይ እንደገና ያካፋል። ሰዓቱ ሄደ። እትዬ ያለምዘውድ ደወሉ፤ አላነሳችም። ቀጥሎ የኬኩ ፎቶ መጣ፤ ሰማያዊው ኮፍያ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል፤ ከኬኩ ኋላ ቴሌቪዥኑ ላይ የረታ ፎቶ ይታያል፤ ያ ክራቫት ያሰረበት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ዓመት የተነሳው። በራኺ ሰዓቱን አይቶ፣ አሁን ብትነሺ ባቡሩን ይዘሽ ጊዜው ሳያልፍ ቦናመስ ትደርሻለሽ፣ ቢቺክለታውን እኔ እመልሰዋለሁ አላት። መሄድ ትችል ነበር። ባቡር ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ነጩን ቀሚስ ለብሳ፣ ኬኩን ቆርሳ፣ አመስግና፣ ማስተርሷን ለዘላለም ጨርሳ ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችል ነበር። ቦርሳውን ለማንሳት ጎንበስ አለች። ከድንኳኑ ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ቦርሳው ላይ ሲንጠባጠብ ቆይቶ ቀሚሱ እስከ ጥልፉ ድረስ ርሷል። በእጇ ጨመቀችው፤ ቡናማ ውሃ ወጣው። ይህን ምክንያት አድርጋ ቀረች፤ ምክንያት ባታገኝም ትቀር እንደነበር ግን ታውቀዋለች።

ውድድሩ ስድስት ዙር ነው፤ ሦስት ስለሆኑ ሁለቱ ከትራኩ ተቃራኒ ጎኖች በአንድ ጊዜ ተነስተው ሄዱ፤ እሷ ብቻዋን ከሰዓት ጋር እንድትሮጥ ዕጣ ወጣባት። በራኺ ከኋላ ኮርቻውን ያዘላት። በመጀመሪያው ቀን የነገራትን አሁንም ደገመላት፤ ይህ ቢስክሌት ፍሬን የለውም፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርሽም ይዞራል፣ ማቆም ስትፈልጊ ቀስ በቀስ ነው። ሽጉጡ ተተኮሰ። መጀመሪያ የሰማችው የራሷን ትንፋሽ ነው። ከዚያ ጥምዙ መጣ፤ ሲሚንቶው እንደተጋደመ ግድግዳ ከጎኗ ተነሳ፤ ከሥሩ አንዲት ጥቁር መሥመር አለች፤ ሥራዋ ከዚያች መሥመር አለመውጣት ነው። ዙር በዞረች ቁጥር አንድ ነገር ከውስጧ ይወጣ ነበር። ሰማያዊው ኮፍያ ወጣ። የማኅበሩ ሴቶች ወጡ። እትዬ ያለምዘውድ ከነእልልታቸው ወጡ። ከዚያ ረታ ወጣ፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ የነበረው ረታ፣ ከዚያም በፊት የነበረው፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍነው ረታ። የቀረው የጭኗ ቃጠሎና ጥቁሯ መሥመር ነበሩ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል እንኳን ለማን እንደሚደወል አላሰበችም።

መስመሩን ካለፈች በኋላ ራሷን ረስታ እግሯን ልታሳርፍ ብትል ፔዳሉ ከኮርቻው አነሳት። በራኺ ከአጥሩ ጥግ «እርገጪ፣ አትቁሚ» ሲላት ሰምታ መልሳ ረገጠች፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር በዝግታ ዞረች። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ ቀድሞ የተመለሰው ረታ ነበር። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ እሱ ይመለሳል፤ ተከትሎትም ሐፍረቷ ይመጣል። አርባ ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው በስድስት ዙር ከራሷ ማውጣት የቻለች ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት ብላ ታስባለች። ጭኗ ስለታየ የምታፍር ይመስላቸው ነበር በራኺና ለተገብርኤል። እሷም እንዲህ ይምሰላቸው ብላ ትታው ነበር።

መድረኩ ሦስት ከፍታ ያለው የእንጨት ሣጥን ነው። በጀርመን ወረቀት ላይ የባሏ ስም የቤተሰብ ስሟ ሆኖ ቀርቷልና ድምፅ ማጉያው «ሦስተኛ፣ ፍራው ረታ» አለ፤ ወይዘሮ ረታ ማለቱ ነው። መምህርቷ አንደኛ ስለወጣች የልጅ ልጆቿ ካርቶኑን እያወዛወዙ ይዘላሉ። ነሐስ ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ሲገባ ሀረገወይን ያየችው የካፖርቷን ቁልፍ ነበር፤ ካፖርቷን መልሳ ደርባ ነው መድረኩ ላይ የወጣችው። በራኺ ወደ ኮምቢው ሲመለሱ ከጎኗ ሆኖ «ስምሽ ረታ፣ አንቺ ተረታሽ» አላት፤ ያን ጊዜ ሳቀች፤ ያን ቀን የሳቀችው እሱን ብቻ ነው።

ቦናመስ ሲደርሱ ከተባለው ሰዓት በጣም አልፎ ነበር። በራኺ ልብስ ቀይሮ ሚስቱን ይዞ እመጣለሁ ብሎ ከሕንፃው ፊት አወረዳት። ሀረገወይን ርጥብ ቦርሳዋን ይዛ ቆመች። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለው በረንዳ ይታያታል፤ ሰዎች ሲጋራ ሊያጨሱ ወጥተዋል። ከካፖርቷ በታች ያው ልብስ ነው፤ ሌላ የላትም። ሜዳሊያውን ከአንገቷ አውጥታ ኪሷ ከተተችው፤ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆለፈች።

በሩን የከፈተላት የእትዬ ልጅ ጆሲ ነው። «ታንተ፣ ኤንድሊኽ፤ አክስቴ፣ በስንት ጊዜሽ» አለና ወደ ውስጥ ዞሮ መጣች አለ። እልልታ ሆነ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ የአዳራሹ ወንበሮች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድረው በመሃል ለአንድ ሰው የምታስተላልፍ ስንጥቅ ብቻ ቀርታለች፤ በነሐሴ ሙቀት መስኮቱ ተዘግቷል፣ እትዬ ንፋስ አይወዱም። ሁሉም ተነሱ። ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ ጉንጯን ስትስም «ምነው ተቃጠልሽ፣ ይህን ካፖርት አውልቂው እንጂ» አለቻት። እትዬ ያለምዘውድ በሰዎቹ መሃል ወንበር እየያዙ መጥተው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። ነጭ ለብሰዋል። ከቀብሩ ወዲህ ነጭ ለብሰው ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው። ለምን እንደዘገየች አልጠየቋትም። ትምህርት ላይ ያለ ሰው ይዘገያል ብለው ለእንግዶቹ ቀድመው ሳይነግሩላት አልቀሩም። ከኬኩ አጠገብ፣ ከረታ ፎቶ ፊት አስቀመጧት።

አቶ አድነው ተነሱ። መነጽራቸውን አድርገው ያለ ወረቀት ተናገሩ። ረታና እሳቸው አንድ ክፍል ተከራይተው የኖሩበትን ዘመን፣ አንድ የክረምት ኮት ለሁለት እንደነበራቸውና ፈተና ያለበት ሰው እንደሚለብሰው፣ ረታ ትምህርቱን ሲተው ኮቱን መስቀያው ላይ ሰቅሎ «እንግዲህ ላንተ ብቻ ሆነ» ብሎ እንደወጣ ተረኩ። እትዬ ያለምዘውድ ይህን ታሪክ ሰምተውት አያውቁም ነበር። ፊታቸው ሳይለወጥ እጃቸው ብቻ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ሲጠቀልል ሀረገወይን አየች። አቶ አድነው ቀጥለው፣ ዛሬ ግን ያ የተሰቀለ ነገር ወርዷል አሉ፤ ሚስቱ አውርዳዋለች። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደ ምሁር ለምሁር ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው ጠየቋት።

«ለመሆኑ የመመረቂያ ጽሑፍሽ በምን ጉዳይ ላይ ነው?»

ጆሲ በዚሁ ጊዜ ከኋላዋ ቆሞ ካፖርቷን ሊቀበላት እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጓል። ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። ርዕስ መፍጠር ከባድ አልነበረም፤ በዩኒቨርሲቲው የመድኃኒት ቤተ ሙከራ በሠራተኝነት ያሳለፈችው ዘመን አንድ ርዕስ ያበድራታል። በመድኃኒት ቅመማ ላይ ብትል ማንም የሚከተል ጥያቄ አይኖረውም፤ ኬኩ ይቆረሳል፤ እትዬ ያለምዘውድም ሌሊቱን ይተኛሉ። ረታን አየችው። ክራቫቱ ትንሽ ወደ ግራ ዞሯል።

«ጽሑፍ የለም» አለች። «ማስተርሱ የትምህርት አይደለም። የቢስክሌት እሽቅድምድም ነው።»

ሰዉ ቀልዱ እስኪያልቅ ጠበቀ። አቶ አድነው ፈገግ እንዳሉ ቀሩ። ሀረገወይን እጇን ኪሷ ከትታ ሜዳሊያውን አወጣችና ከኬኩ ጎን አስቀመጠችው። ሪባኑ ክሬሙን ነካ። የትምህርት ነው ብላ ተናግራ እንደማታውቅ ልትጨምር ፈልጋ ነበር፤ ነገሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ከውሸቱ የባሰ መሰላትና ተወችው። ቀድሞ የተናገረው ጆሲ ነው። «ኤኽት የትስት? የምርሽን ነው?» አለና ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ ለእናቱ ማስረዳት ያለበት መስሎት፣ «ማማ፣ እዚያ ማስተርስ ማለት እኮ ለሽማግሌዎች ማለት ነው» አላቸው። ከሴቶቹ አንዷ ለጎረቤቷ፣ ለምረቃ ብዬ ፀጉሬን በአርባ አምስት ዩሮ ተሠርቼ አለቻት፤ ቀስ ብላ ነበር፣ ግን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። አቶ አድነው ጨዋ ሰው ናቸውና ጨዋታውን ለማዳን ሞከሩ።

«ሜዳሊያ ከሆነማ ቀላል አይደለም። ስንተኛ ወጣሽ?»

«ሦስተኛ።»

«ጎሽ። ከስንት?»

«ከሦስት።»

መንገድ ላይ የሚያልፍ የአውቶቡስ ድምፅ እስከ ሰባተኛ ፎቅ ይሰማል። እትዬ ያለምዘውድ ከወንበራቸው ተነሱ። ሀረገወይን ወደ ክፍላቸው ሊገቡ ነው ብላ ነበር፤ እሳቸው ግን ቢላዋውን አነሱ። ሰማያዊውን የስኳር ኮፍያ በቢላዋው ጫፍ ከኬኩ ላይ ለቅቀው፣ እንዳይሰበር በመዳፋቸው ይዘው፣ በሻይ ሳሕን ላይ አደረጉት። ሳሕኑን ወስደው ከረታ ፎቶ ፊት አስቀመጡት። ዘርፉ ዘንበል ብሎ ስለነበር በጣታቸው አቃኑት። ከዚያም ተመልሰው «ኬኩ ምን አጠፋ» አሉና መቁረስ ጀመሩ። ሁሉም ተቀበለ፤ ሁሉም በላ። ሰዎቹ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። በራኺና ለተገብርኤል የደረሱት ያን ጊዜ ነው፤ ለእነሱም ተቆረሰላቸው። ሀረገወይን ካፖርቷን ለብሳ እንደተቀመጠች ሙሉውን ቁራሽ ጨረሰች፤ ማንም እንድታወልቀው አልጠየቃትም።

ልትሄድ ስትነሳ እትዬ ያለምዘውድ ነጠላቸውን ደርበው እስከ ሊፍቱ ተከተሏት። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ መብራቱ ሰው ሲንቀሳቀስ ይበራል፣ ሲቆም ይጠፋል። የሊፍቱን ቁልፍ የተጫኑት እትዬ ናቸው። ሁለቱም በሩን እያዩ ቆሙ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እልል አሉ፣ እትዬ» አለች ሀረገወይን። «ከዚያ በኋላ አቃተኝ።»

መልሱ በቂ ይሁን አይሁን ከፊታቸው ማወቅ አልቻለችም። ካፖርቷ ስትቀመጥና ስትነሳ ከላይ ተከፍቶ ነበር፤ የልብሱ ደማቅ ቀይና በደረቷ ላይ የተለጠፈው የክለቡ ስም ይታያል። እትዬ ወደዚያ አዩ፤ ዓይናቸውን አልሰበሩም። ከዚያ የላይኛውን ቁልፍ ፈልገው ቆለፉላት። ቆልፈው ሲያበቁ እጃቸውን እዚያው አንገቷ ሥር ተዉት።

«ዝም ብሎ መዞር ነው አለችኝ ለተገብርኤል። ዝም ብሎ መዞር ምን አለው?»

ሀረገወይን ለበራኺ ያልነገረችውን፣ ለንስሐ አባቷም ያልነገረችውን፣ ከእትዬ በቀር ሊረዳው የሚችል ሰው እንደሌለ ገባት፤ ልትነግረው የማይገባት ሰውም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«እዚያ ላይ ሳለሁ ረታን እረሳዋለሁ» አለች። «እስክወርድ ድረስ። ያሳፍረኛል፣ እትዬ።»

ሊፍቱ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ባዶ ነበር። ማንም አልገባም። በሩ መልሶ ተዘጋ። ሳይንቀሳቀሱ ስለቆዩ የኮሪደሩ መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ የእትዬን ትንፋሽ ትሰማለች፤ ከቤቱ ውስጥ ደግሞ ወንበሮቹን መሰብሰብ የጀመረውን የጆሲን ድምፅ።

«ጭራሽ?» አሉ እትዬ ያለምዘውድ።

«ጭራሽ።»

እጃቸው ከአንገቷ ሥር አልተነሳም።

«ታድለሽ» አሉ።